የቅዳሜው መርፌ

ታላቅየዋ በእህቷ መቅናት የጀመረችው ሚጣ በፎጣ ተጠቅልላ ከሆስፒታል ቤት የገባች ዕለት ነው። ያኔ የሚያስቀናት የሕፃኗ ጉንጭ ነበር። ቀጥሎ ፀጉሯ ሆነ፤ ከዚያ የትምህርት ቤት ውጤቷ፤ ከዚያም እናታቸው "ሚጣዬ" ብላ ስትጠራት ድምፅዋ ውስጥ ገብቶ የሚሟሟው ስኳር። አሁን ታላቅየዋ አርባን ተሻግራለች፣ ዶክተር ተብላለች፣ መነጽር አድርጋለች። ቅናቱም አብሯት አድጎ፣ አብሯት ተምሮ፣ ጊኒ ፒግ የምትባል ጅራት አልባ የላቦራቶሪ እንስሳ ላይ ደርሷል። በጊኒ ፒግ የሚቀና ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እነሆ አንዷ።

ሁለቱ እህትማማቾች የሚሠሩት አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ስለ አንድ ቫይረስ ነው። ሳይቶሜጋሎቫይረስ ይባላል። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይይዘዋል፣ ሳያውቀውም አብሮት ይኖራል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲገባ ግን አንዳንዴ በእንግዴ ልጁ በኩል ሾልኮ ጽንሱን ያገኘዋል። እንዲህ የተያዘ ሕፃን መስማት ሊሳነው ይችላል። ይህን የሚከላከል ክትባት ለመሥራት መጀመሪያ እንስሳ ላይ መሞከር ያስፈልጋል፤ ቫይረሱ ግን ደጅ መራጭ ነው። የሰው ቫይረስ አይጥን ንክች አያደርግም፤ የአይጡ ጊኒ ፒግን አይነካም፤ የጊኒ ፒጓም አይጥ ጋ ዝር አይልም። እያንዳንዱ እንስሳ ለራሱ ብቻ የሆነ የቫይረሱ ዘመድ አለው። ተመራማሪዎችም የሰውን በሽታ የሚያጠኑት በእነዚህ ዘመዶች በኩል ነው፤ ሰውየውን ቤቱ ሲያጡት ወንድሙን እንደመጠየቅ ያለ ነገር ነው።

ታላቅየዋ የመረጠችው አይጥን ነው። ጎበዝ ነበረች፣ ይህን ማንም አይነሳትም። የአይጦቿን ዘር ራሷ አዳቅላ፣ ራሷ መርጣ፣ ከትውልድ ትውልድ አቆይታዋለች፤ የእንስሳት ቤት ሠራተኞች "የአይጦቹ እናት" ነው የሚሏት። አንድ እንከን ግን አለ። በአይጥ ላይ ቫይረሱ እንግዴ ልጁን አያልፍም። ስለዚህ እሷ የምትወጋው ገና የተወለዱትን ጥፍር የሚያካክሉ የአይጥ ልጆች ነው። በየስብሰባው ታዲያ አንድ ሰው አይጠፋም፣ እጁን ያወጣና "ግን እኮ እነዚህ በማህፀን ውስጥ አልተያዙም" ይላታል። ያን ጥያቄ ከመጥላቷ የተነሳ፣ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሰው ራሱን ሊያክ እጁን ሲያነሳ እንኳ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ትጀምር ነበር።

ሚጣን ወደ ተቋሙ ያመጣቻት እሷው ራሷ ነች። "እህቴ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ሥራ አትፈራም" ብላ የላቦራቶሪውን ኃላፊ ፕሮፌሰሩን ደጅ ጠንታ አስቀጠረቻት። ሚጣ ወንበሯ ሳይሞቅ አንድ ቀን ሻይ ላይ ምን አለች?

"እትዬ፣ በጊኒ ፒግ ለምን አንሞክረውም? እሷ ላይ እኮ እንግዴ ልጁን ያልፋል።"

ታላቅየዋ ይህን አታውቅም ነበር እንዴ? አሳምራ ታውቃለች። ጊኒ ፒግ ውድ ናት፣ እርግዝናዋ አያልቅም፣ ቦታ ትፈጃለች እያለች ስታልፈው ኖራለች። ፕሮፌሰሩ ግን ሐሳቡን ሲሰሙ "ግሩም!" አሉ። እሷን በዚህ ሁሉ ዓመት "ደህና" ሲሏት እንጂ "ግሩም" ሲሏት ሰምታ አታውቅም። የዚያን ቀን ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ቅናቱ እስከዚያ ድረስ የቤት ቅናት ነበር፤ ሰው አይጎዳም። የከፋው ተቋሙ ከእንስሳት ቤቱ ግማሹን ለሌላ ሥራ ሊወስደው ሲወስን ነው። ፕሮፌሰሩ ሁለቱን ጠርተው ቁርጡን ነገሯቸው፦ ከመጪው ዓመት ጀምሮ የሚቀርላቸው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ወይ አይጦቹ ይቆያሉ፣ ወይ ጊኒ ፒጎቹ። የሚጣ የክትባት ሙከራ ከሠራ ክፍሉ የጊኒ ፒጎቹ ይሆናል። ካልሠራ አይጦቹ ባሉበት ይቀጥላሉ። የማይቆየው ዘር ምን እንደሚሆን መናገር አላስፈለጋቸውም፤ እንስሳት ቤት ውስጥ ጡረታ የሚባል ነገር የለም።

የሚጣ ሙከራ ቀላል ነው። ከጊኒ ፒጎቹ ግማሾቹን ከተበች፣ ግማሾቹን አልከተበችም፤ ሁሉም አረገዙ። ከዚያ ለሁሉም የጊኒ ፒግ ቫይረስ በመርፌ ይሰጣቸዋል። ክትባቱ የሚሠራ ከሆነ የተከተቡት እናቶች ልጆች ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ። ሚጣ ዓርብ ጠዋት ያልተከተቡትን ወግታ ጨረሰች። የተከተቡትን ለቅዳሜ ቀጥራ የቫይረስ ብልቃጦቻቸውን ለይታ እንደጨረሰች ስልኳ ጮኸ፦ እናታቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት ወድቃለች።

ሁለቱም ጋዋናቸውን እየጣሉ ሆስፒታል ሮጡ። ታላቅየዋ ቀድማ ደረሰች። የእናቷን እጅ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ግንባሯን በመሐረብ ጠረገችላት፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገረች። እግሯ ነው የተሰበረው። እናትየው ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ቀና አለችና፣ እጇን የያዘችውን ልጇን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ በሩን እያየች፣

"ሚጣዬ የት አለች?" አለች።

የታላቅየዋ አንጀት እዚያው እርር አለ። "ትመጣለች እማዬ" አለች። ሚጣ ስትመጣ እናትየው እጇን ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት፣ አለቅም አለች።

"እትዬ፣ የተከተቡት ነገ ካልተወጉ የእርግዝናቸው ጊዜ ያልፍባቸዋል" አለች ሚጣ በሹክሹክታ።

"እኔ ከእማዬ ጋር ልቆይ፣ አንቺ ሂጂና ጨርሺ።"

"ሚጣ ትቆይልኝ" አለች እናትየው ከትራሱ ላይ። መድኃኒቱ ጆሮዋን አላደከመውም ነበር።

"በቃ እኔ እወጋቸዋለሁ" አለች ታላቅየዋ።

"አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር! ብልቃጦቹን ለይቼ በከረጢት አድርጌ 'የቅዳሜ' ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው።"

ስለ ብልቃጦቹ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህ ቫይረስ የሚበረታው የምራቅ ዕጢ ውስጥ ነው። እህትማማቾቹም የየእንስሶቻቸውን የምራቅ ዕጢ ፈጭተው፣ አጣርተው፣ በትንንሽ ብልቃጦች ሞልተው ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩታል። ብልቃጡ ያው ነው፣ ክዳኑ ያው ነው፤ ከአንድ ካርቶን የወጣ ነው። የአይጡም የጊኒ ፒጓም ሲቀልጥ ደፍረስ ያለ ውሃ ነው። የሚለያቸው የተጻፈባቸው ጽሑፍ ብቻ ነው፣ እሱንም በረዶ ይሸፍነዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪው ጭር ብሎ ነበር። ታላቅየዋ ጋዋኗን ለበሰች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ አፏ ግን አልተዘጋም። "ሚጣ ትቆይልኝ! እኔማ ምን ላድርግ፣ እኔ ለመርፌ ነኝ" ትላለች ለግድግዳው። ፍሪዘሩን ስትከፍተው ብርዱ ፊቷን ገረፈው፣ መነጽሯ ጉም ለበሰ። ብልቃጦቹን አወጣች፣ አቀለጠች፣ እያጉረመረመች ሲሪንጅ ሞላች። ጊኒ ፒጎቹ የሰው ኮቴ ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ያፏጩ ጀመር፤ መብል የመጣላቸው መስሏቸው ነው። አንድ በአንድ እያነሳች፣ ያበጠ ሆዳቸውን በመዳፏ ደግፋ፣ ወጋቻቸው። እጇ መቼም የተባረከ ነው፣ አንዷም አልተንፈራገጠች። ስትጨርስ ጓንቷን ወረወረችና ሆስፒታል ተመለሰች። እናቷ ተኝታ፣ ሚጣም ወንበር ላይ እንዳለች አንገቷን አልጋው ላይ ደፍታ ተኝታ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አገኘቻቸው።

ሳምንታት አልፈው ጊኒ ፒጎቹ ወለዱ። ካልተከተቡት የተወለዱት ግማሾቹ ሞተው ወጡ፣ የተረፉትም የሰለሉ ነበሩ። ጊኒ ፒግ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ ክፍት፣ ፀጉሯ ሙሉ ነው፤ አጠገቧ ቢጨበጨብ ጆሮዋ ቀጥ ይላል። ከእነዚህ ግን ቢጨበጨብላቸው ጆሯቸውን የማያነቃንቁ ነበሩ። የተከተቡት እናቶች ልጆችስ? ድቡልቡል፣ ወዛም፣ አጨበጨባችሁላቸው አላጨበጨባችሁላቸው የሚፏልሉ! ደማቸው ሲመረመር ቫይረሱ ሽታውም የለም። ፕሮፌሰሩ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው በየሳጥኑ እየዞሩ፣ ትምህርት ቤት እንደገባ ሕፃን እያጨበጨቡ፣ ጆሮዎቹ ብድግ ባሉ ቁጥር "ግሩም! ግሩም!" ይሉ ነበር። በማግስቱ ኬክ ተቆረሰ። ታላቅየዋ የደረሳትን ቁራሽ ይዛ መስኮት አጠገብ ቆመች። እህቷ መጥታ አቀፈቻትና "ያላንቺ እጅ የትም አልደርስም ነበር" አለቻት። ታላቅየዋ ቁራሿን ሳትቀምሳት መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። አይጦቿን ስታይ እንባ ይመጣባታል፣ ጊኒ ፒጎቹ ሲያፏጩ እሷ ላይ የሚያፏጩ ይመስላታል። ውጤቱን ለተቋሙ ሁሉ የሚያቀርቡበት ሰኞ ሲቃረብ፣ ለክፍሉ ዝውውር ሲባል ፍሪዘሩን የማጽዳቱ ሥራ ለእሷ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት የታችኛውን መደርደሪያ በረዶ በፕላስቲክ መፋቂያ ስትፍቅ፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ ከረጢት ተላቆ እጇ ላይ ወደቀ። በሚጣ ክብ ክብ የእጅ ጽሑፍ "የቅዳሜ" ይላል። ብልቃጦቹ አልተከፈቱም።

ከረጢቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ላይኛውን መደርደሪያ፣ የራሷን፣ ሳበችው። የአይጥ ቫይረስ ሳጥኗ ውስጥ ባዶ ቀዳዳዎች ነበሩ። ለሙከራዋ ያወጣቻቸውን ሁሉ ታስታውሳለች፤ እነዚህን ግን አላወጣችም። ወይም አውጥታለች፤ ቅዳሜ ጠዋት። እጇ ዕድሜ ልኳን የለመደው መደርደሪያ ላይ ሄዷል። ለተከተቡት ጊኒ ፒጎች የሰጠችው የአይጥ ቫይረስ ነው። የአይጥ ቫይረስ ደግሞ ጊኒ ፒግን ውሃ የወጓት ያህል እንኳ አያስነጥሳትም። ልጆቹ ጤነኛ የሆኑት ክትባቱ ሠርቶ አይደለም፤ ቫይረስ የሚባል ጭራሽ ስላልነካቸው ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ ግሩም፣ ያ ኬክ፣ የእሷ የራሷ ስህተት ነበር። አንጀቷን ያሳረራትን ክብር ለእህቷ የሰጠቻት እሷው ነች።

ይህን መናገር ያሳፍራል፣ ግን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ቀጥሎ ነው ድንጋጤው የመጣው። ተናግራ ማን ያምናታል? መቅናቷን የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ ሳይቀር ያውቃል። "ሆን ብላ ነው" ይላሉ። ባትናገርስ? ሚጣ ሰኞ ትቆማለች፣ ታቀርባለች፣ ይጨበጨብላታል፤ አይጦቹ ይጠፋሉ፤ ከዚያ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሙከራውን ይደግሙትና አንድም አይሠራላቸውም። የሚጣ ስም ያኔ አፈር ይበላል። እሷም ጣቷን ሳታነሳ ተበቀለች ማለት ነው። ከረጢቱን የራሷ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ዓርብ አልተናገረችም። ቅዳሜም አልተናገረች።

እሑድ እናታቸው ቤት ምሳ ነበር። እናትየው በጀሶ የታሰረ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ ሾርባዋን ትጠጣለች፣ ወሬዋ አንድ ነው።

"ሚጣዬ ስንቱን ሕፃን ልታድነው ነው! ለጎረቤቱ ሁሉ ነገርኩ" አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ሆድ እንዳይብሳት ብላ ይመስላል፣ ትልቋን ልጇን ጉልበቷ ላይ መታ መታ አደረገቻት። "አንቺም ብትሆኚ አይጦች አሉሽ፣ የኔ ልጅ።"

ያቺ ማጽናኛ ነች ያፈነዳቻት። ታላቅየዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ምንም አታድንም" አለች። "ውጤትሽ ውሸት ነው ሚጣ። ከረጢትሽ ፍሪዘር ውስጥ እንደታሸገ ነው። ቅዳሜ የወጋኋቸው የኔን የአይጥ ቫይረስ ነው።"

እውነቱን ነው የተናገረችው፤ ግን እንዴት እንደጣፈጣት እሷው ታውቃለች። የሚጣ ማንኪያ አፏና ሳህኑ መካከል ቆመ።

"ብልቃጦቹ አልተከፈቱም?"

"አልተከፈቱም።"

"ያልተከተቡት በጊኒ ፒግ ቫይረስ፣ የተከተቡት በአይጥ ቫይረስ።" ሚጣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብላ አለች። "በቃ፣ ምንም አልነካቸውም።"

"ምንም።"

"ምን እያላችሁ ነው? እኔንም አስገቡኝ እንጂ" አለች እናትየው።

"ክትባቱ ይሥራ አይሥራ አናውቅም ማለት ነው እማዬ" አለች ሚጣ። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። "መቼ ነው ያወቅሽው እትዬ?"

"ሐሙስ።"

"ዛሬ እሑድ ነው" አለች ሚጣ። ታላቅየዋ እንድታለቅስ፣ እንድትጮህ፣ ሳህን እንድትወረውር ጠበቀች፤ ቢሆን ይቀላት ነበር። ሚጣ ግን ተነስታ የእናቷን ሳህን አነሳች፣ አጠበች፣ ጉንጯን ስማት ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ታላቅየዋ የፕሮፌሰሩ ቢሮ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የእህቷ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል።

"ስህተቱ የኔ ነው ፕሮፌሰር። ከረጢቱ ውስጥ የእህቴን የአይጥ ብልቃጦች አስገብቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ የሰጠኋትን ነው የወጋችው።"

ታላቅየዋ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሰው "ሆን ብላ ነው" እንዳይላት፣ ሚጣ ጥፋቱን አንስታ ራሷ ላይ ጫነችው። ሌላ እህት ብትሆን ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር። የእሷን ሆድ ግን ያው የለመደችው እሳት ለበለበው። ጎበዝነቱ አልበቃት ብሎ ደግነቱንም ወሰደችው!

"እንግዲያው አዝናለሁ" አሉ ፕሮፌሰሩ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። "ሁለት ብልቃጥ መለየት ላቃተው ሰው እንስሳ አላምንም። ክፍሉ ለአይጦቹ ይሆናል። አንቺም ሌላ ቦታ ብታስቢ ይሻልሻል።"

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ታላቅየዋ ሁሉንም አገኘች። ክፍሉን፣ አይጦቿን፣ ፎቁን ያለ ሚጣ። ከእሷ የሚጠበቀው ኮቴዋን ሳታሰማ ወደ መጣችበት መመለስ ብቻ ነው። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላም ሄዳ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ከሚጣ እጅ የተሰጣት ስጦታ ሊሆን ነው፤ ጠዋት ማታ አይጦቿን ባየች ቁጥር ይህ የሚጣ ምጽዋት ነው ልትል ነው። ያንን መቋቋም አልቻለችም። ደግነት ነው እንዳልላችሁ እፈራለሁ። በሩን ገፍታ ገባች።

"ውሸቷን ነው" አለች። "ከረጢቷ እንደታሸገ እኔ ጋ ነው ያለው። ከራሴ መደርደሪያ አውጥቼ የወጋኋቸው እኔ ነኝ። ያወቅሁትም ሐሙስ ነው፤ ዝም ብዬ ነበር።"

ሚጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

"ሙከራው ከመጀመሪያው ይደገማል" አሉ በመጨረሻ። "በሚጣ እጅ፣ በጊኒ ፒጎቹ። ክፍሉም የእነሱ ይሆናል።"

ታላቅየዋ ራሷን ነቀነቀች። የዘመኗ ድካም በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ለአይጦቿ እንኳ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም፤ ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አዩዋት።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሆን ብለሽ ነው?"

መልሱ አጭር ነው፤ አፏን ከፈተችለት። ግን ያ ጠዋት መጣባት፦ ብርዱ፣ መነጽሯ ላይ ያረፈው ጉም፣ ብልቃጧን የያዙት ጣቶቿ። አውራ ጣቷ በረዶውን ጠርጎ ጽሑፉን ገልጦት ነበር? አንብባው ነበር? አንዴ ያነበበችው ይመስላታል፣ አንዴ ያላነበበችው። የዚያን ቀን ሆዷ ውስጥ የነበረውን ነገር ታውቀዋለች፤ እጇ ከሆዷ ተመካክሮ ይሁን ለብቻው ግን አታውቅም። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

"አይደለም!" አለች ሚጣ። ፊቷን ገልጣ ቀጥ ብላ ቆማለች። "በፍጹም ሆን ብላ አይደለም። እህቴ ናት፣ አውቃታለሁ።"

ስትናገር ድምፅዋ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ታላቅየዋ ዞር ብላ አየቻት። ሚጣ ስለ እሷ እርግጠኛ ነበረች፤ እሷ ስለ ራሷ አልነበረችም። በሕይወቷ እንዲህ ቀንታ አታውቅም።